ባለ አጋዘኑ ላይተር

በደርግ ጊዜ ማሻ ከተማ አስተምር ነበር። አንድ የገበያ ቀን አቶ አደሎ የሚባሉ ማር ቆራጭ እጄን ይዘው ጥግ ወሰዱኝና ከኪሳቸው አንድ ላይተር አወጡ። አጋዘን ተቀርጾበታል፤ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። "ቴፒ ቡና እርሻ የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ የሰጠኝ ነው። ንቡን የማጨስበትን እሳት የምለኩሰው በዚህ ነው። ምን እንደሚል ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ እስቲ አንብብልኝ መምህር" አሉኝ። "የውስኪ ስም ነው አባባ። ዝቅ ብሎ ደግሞ 'ከአባት ለልጅ' ይላል። ውስኪውን የሚያወጡት ሰዎች ቤቱንም ሙያውንም ለልጆቻቸው እያወረሱ ነው የኖሩት ማለት ነው" አልኳቸው።

ላይተሩን አገላብጠው አዩት። ቀፎ የሚሰቅሉባቸው ዛፎች ከአያታቸው የወረሷቸው ነበሩ፤ በዚያው ዓመት የገበሬ ማኅበሩ ወስዶባቸዋል። "አሁንም የልጆቹ ነው?" አሉኝ።

"ይመስለኛል።"

"ማኅበር አልመጣባቸውም?"

ዞር ስል የማኅበሩ ሊቀመንበር ያልተለኮሰ ሲጋራ ይዞ ከኋላችን ቆሟል። "ምን ይላል ጽሑፉ?" አለኝ። "ውስኪ ይላል" አልኩት። ሳቅ ብሎ ሲጋራውን ወደ አቶ አደሎ አስጠጋ። እሳቸውም ለኮሱለት። ሊቀመንበሩ የእንግሊዝኛ ፊደል እንኳ አይለይም። አቶ አደሎ ግን ነፋስ የሚከልሉ መስለው፣ ሲጋራው እስኪያያዝ ድረስ 'ከአባት ለልጅ' የሚለውን ጽሑፍ በሌላው እጃቸው ሸፍነው ያዙት።