ለዓሣዎቹ የመጣው ሰው

ወላሂ፣ እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ጅዳ የምሠራበት ቤት ሳሎን ውስጥ ትልቅ የዓሣ ገንዳ አለ። ውስጡ ላሉት ተክሎች ከሲሊንደር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይገባል፤ ጋዙን የምትመጥነው ደግሞ ትንሽ ቫልቭ ናት። ውስጧ እንደ መርፌ የሾለ ብረት አለ፤ ቀዳዳው ውስጥ ገባ ሲል ጋዙ ይቀንሳል፣ ወጣ ሲል ይጨምራል። በጣት ጫፍ ነካ ማድረግ ይበቃታል። ማዳሜ ግን እንግዶቿ አረፋው ሲንቦለቦል እንዲያዩላት ብላ ቫልቯን አዙራ ጋዙን ለቀቀችው። ጋዙ ሲበዛ ደግሞ ዓሣ ያፍናል፤ ትንሽ ቆይቶ ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር።

"ምን አድርገሻቸው ነው? ታፍነዋል እኮ፣ ሀራም አይደለም?" ብላ እንግዶቹ ፊት ጮኸችብኝ። ሮጬ ቫልቯን መለስኳት። ንዴቴ ግን አልመለስ አለኝ። መስኮት በሌለው ክፍሌ ኤሲው ከተበላሸ ቆይቷል፤ በነገርኳት ቁጥር መልሷ "ቡክራ፣ ነገ ይሠራል" ነው።

"ማዳም፣ እኔም እኮ ታፍኛለሁ" አልኳት።

እንግዶቹ ወደ እሷ ዞሩ። እሷም አፍራ መሰለኝ፣ "ኸላስ፣ በቃ፣ ነገ ሰው ይመጣል" አለችኝ።

በማግስቱ እውነትም ዕቃውን የያዘ ሠራተኛ መጣ። ደስ ብሎኝ ወደ ክፍሌ ስመራው ኮሪደሩ ላይ ቆመና፣ "ዓሣዎቹ በዚህ በኩል ናቸው?" አለኝ።