እሑድ እሑድ የሚጠፋው ማሽን

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ወ/ሮ ሌሲዬሊ ፋካታቫ
ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ ምንጣፍ ሠሪ
አድራሻ፦ ቫቫኡ ደሴት፣ ከኔያፉ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከአቶ ሔኔሊ ሞአላ ቤት ቀጥሎ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 3፡30
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ፊናው ላቱ

ጎረቤቴ አቶ ሔኔሊ ሞአላ የ68 ዓመት ሰው ሲሆኑ የቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን አለቃ ናቸው። ኩላሊታቸውን ታመው ከጁላይ መጀመሪያ ጀምሮ ባሕር ማዶ ኦክላንድ ልጃቸው ፓኤያ ዘንድ ይገኛሉ። በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸው በማሽን ይታጠባል። ትናንት በስልክ እንደነገሩኝ የእግራቸው እብጠት ጎድሏል፣ ነገር ግን ጨው ስለተከለከሉ ምግብ አልጥም ብሏቸዋል። የፓኤያ ሚስት ሁለተኛ ልጇን ተገላግላለች፣ ሴት ናት። ሳጅኑ ይህ ከጉዳዩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠይቆኝ፣ እሳቸው ባይታመሙ እዚህ ቤታቸው የተቀመጠው ማሽንም ክሱም አይኖርም ነበር ብዬ መልሻለሁ።

ወደ ጣቢያው የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ ነው። የአቶ ሔኔሊ የወንድም ልጅ ሴሚሲ ሞአላ ባላጠፋው ጥፋት ተጠርጥሮ ላፕቶፑና የሥራ ዕቃው ስለተያዘበት፣ ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ለማስመዝገብ ነው።

ሴሚሲ የ38 ዓመት ሰው ሲሆን ኔያፉ ገበያ አጠገብ ስልክና ሬዲዮ ይጠግናል። ቅዳሜ ጁን 29 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ አጎቱ ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ አሮጌ ኮምፒውተር ይዞ መጥቶ ሳሎናቸው ውስጥ መደርደሪያው ሥር አስቀመጠ። አቶ ሔኔሊ በአርባ ዓመት ውስጥ የጻፏቸውን ዜማዎች አንድ በአንድ ፎቶ አንስቶ እዚያ ውስጥ ከቷቸዋል። እኔም የአሳማዎቹን መኖ ለማየትና የቤቱን ቁልፍ ለመረከብ ሄጄ ነበር። ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «አክስቴ፣ ይኼ መሳቢያ በይው። አጎቴ ኦክላንድ ሆነው ስበው ይከፍቱታል፣ ወረቀት ያስገባሉ፣ ወረቀት ያወጣሉ» አለኝ። ሌላ ሰው ቢስበውስ ስለው፣ «ቁልፉ የሚስጥር ቃል ነው፣ የምናውቀው እኔና እሳቸው ብቻ ነን» አለ። ለእኔም ንገረኝ ስለው፣ «ለአንቺ ከምነግርሽ በቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ባስነግረው ይሻላል» ብሎ አጎቱን አሳቃቸው። እኔም ስቄያለሁ፣ ውሸት አልነበረምና።

ሲወጣ በር ላይ ቆሞ፣ «ብቻ እንዳትነኪው አክስቴ፣ ሁልጊዜ እንደበራ ይቆይ» አለኝ። እሺ አልኩ።

ጥፋቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። እኛ ጋ እሑድ መሥራት ነውር ስለሆነ ሁልጊዜ ሲባል እሑድን አይጨምርም። የመንደራችን ሱቅ በር ላይ «ሁልጊዜ ክፍት ነው» የሚል ተጽፏል፣ እሑድ ግን ዝግ ነው፣ ማንም ተታለልኩ ብሎ አያውቅም። እሑድ ገመድ ላይ የተረሳ አንድ ፎጣ እንኳ ለሳምንት ያስወራል። እኔም ጁላይ 7 ቀን የቤተ ክርስቲያኑ የመጀመሪያው ደወል ሲደወል፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ቤታቸውን ለማየት ስገባ ማሽኑ አረንጓዴ መብራቱን እያርገበገበ ሲያጉረመርም አገኘሁት። በታመመ ሰው ቤት፣ ያውም በመዘምራን አለቃ ቤት፣ በእሑድ ሲሠራ። ሶኬቱን ነቀልኩና ወደ ጸሎት ሄድኩ። ሰኞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት አሳማዎቹን ስቀልብ መልሼ ሰካሁት። እንዲህ እያደረግሁ እስካለፈው እሑድ ድረስ አሥራ አንድ እሑድ ሆኗል።

አቶ ሔኔሊ ደግሞ ደማቸው የማይታጠብበትና ጭንቅላታቸው የሚቀላቸው ቀን እሑድ ነው። እሑድ ሲሞክሩ መሳቢያው እንቢ ይላቸውና መስመሩ ነው ብለው ይተዉታል። እሑድ ሴፕቴምበር 8 ቀን ግን በማለዳ ተነሥተው ጀመሩ። የላኩት ለቤተ ክርስቲያናችን መቶኛ ዓመት በዓል የጻፉትን አዲስ ዜማ ነው፣ ባለ አራት ድምፅ። የጻፉበት ታብሌት የሆስፒታል ስለሆነ ሲመለስ ውስጡ ይጠረጋል። ተልኮ ያለቀ መስሏቸው በማግስቱ መለሱት። የእኔ ደወል የተደወለው ግን መላኩ ግማሽ ላይ ሳለ ነው። እዚህ የደረሰው ሁለት ድምፅ ብቻ ነው።

ፓኤያ ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቅ፣ ሴሚሲ ራሱ ማሽኑ የሚይዘውን የሰዓት መዝገብ አውጥቶ ላከለት። ማሽኑ በየእሑዱ በተመሳሳይ ሰዓት ይጠፋል፣ በየሰኞውም በተመሳሳይ ሰዓት ይበራል። የሚስጥር ቃሉን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ታማሚው። የሴሚሲ ሚስት ሴይኒ ደግሞ የምትዘምረው ለበዓሉ ከእኛ ጋር ከሚፎካከረው መንደር መዘምራን ጋር ነው። ፓኤያም፣ ሴሚሲ ዜማውን ለእነሱ ሰጥቶ የእኛን ቆረጠው ብሎ ለፖሊስ አመለከተ።

ሴሚሲ ቀደም ብሎ እኔንም ጠይቆኛል። «አክስቴ፣ ማሽኑን ነክተሻል?» ሲለኝ አልነካሁም ብያለሁ። የነካሁት ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት ስለሆነ የዋሸሁ አልመሰለኝም። ሰኞ ማታ ሳጅኑ ማሽኑን ሊወስድ መጥቶ ሰዓቶቹን ጮክ ብሎ ሲያነብ ነው ያወቅሁት። እሑድ ሦስት፣ ሰኞ አሥራ ሁለት። የእኔና የአሳማዎቹ ሰዓት ነው።

በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት ለአቶ ሔኔሊ ደውዬ ነገርኳቸው። ከዚያ፣ «ሌሲዬሊ፣ እርሳስ አለሽ?» አሉኝ። የእኛ ዜማ የሚጻፈው ከሦስት በሚጀምር ቁጥር ስለሆነ በስልክ ሊነበብ ይችላል። አምስት፣ አምስት፣ ሰባት እያሉ የቀሩትን ሁለት ድምፆች ከቃላቸው አስጻፉኝ፣ እኔም በቀን መቁጠሪያው ጀርባ ጻፍኩ። የወፍራሙ ድምፅ የመጨረሻ መስመር ላይ ሲደርሱ ጠፋባቸው። «ወንዶቹ ይፈልጉት፣ አርባ ዓመት ሙሉ ሲያበላሹብኝ ኖረው የለ» አሉ። ሳጅኑ ዛሬ እጄ ላይ ያየው የቁጥር ወረቀት ይህ ስለሆነ የስልክ ቁጥርም የባንክ ቁጥርም አይደለም።

ከትናንት ጀምሮ ቤቴ ሰው አልተለየውም። ፓስተራችን መጥተው ማሽን በእሑድ ቢሠራ ኃጢአት እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «የቤተ ክርስቲያናችን የነሐስ መለከት ባንድስ እሑድ አይነፋም እንዴ? ዝም በል ልበለው?» አሉኝ። ሴይኒ የጎደሬ ቅጠል ይዛ መጥታ፣ «ባሌን ሌባ ያሰኘሽው ለእግዚአብሔር ብለሽ ስለሆነ ለእሱ ነው የምከስሽ» ካለች በኋላ ቅጠሉን አስቀምጣ ሄደች። ፓኤያ ደውሎ አቤቱታውን እንደሚተው ነገረኝ። ይቅርታውን ግን ለሴሚሲ ራሱ ደውሎ እንዲናገር ነግሬዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ልወጣ ስል ሴሚሲ መጣ። አልተቆጣኝም። የአጎቱን ቤት ቁልፍ ተቀብሎኝ ገባና ማሽኑ ሲመለስ የሚሰካበት ባዶ ሶኬት ላይ ወረቀት ለጥፎ ወጣ። ምን ጻፍክ ስለው፣ «አንብቢው አክስቴ» አለኝ። «ይህ በእሑድ አይሠራም፣ ይዘምራል» ይላል።

ቃሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነብቦልኝ አዳምጫለሁ። «ማሽኑን አበላሸሁ» ተብሎ የተጻፈው «ሶኬቱን ነቀልኩ» በሚል እንዲታረም ጠይቄ ታርሟል። የቀረው ሁሉ ያየሁትና ያደረግሁት እውነት ስለሆነ ፈርሜበታለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ሌሲዬሊ ፋካታቫ
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ሳጅን ፊናው ላቱ