ክሩ የወደቀ ዕለት

የጎረቤቴ የፋጡማ ትልቋ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። እኛ ድሬ ሙስሊም ሲደግስ ለክርስቲያን እንግዶቹ በክርስቲያን እጅ ለብቻ ያሳርዳል። የእነሱን ፍየል እሷ ሠራች፣ የእኛን እኔ። ድስቶቹ ሁለቱም የእድር ስለሆኑ ቁርጥ አንድ ናቸው፤ ለምልክት የእኛኛው ጆሮ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። ሰላጣ ከትፌ ስመለስ ጎረምሶቹ ድስቶቹን ከእሳት አውርደው ጥላ ሥር አስቀምጠዋቸዋል። ክሩ መሃላቸው መሬት ላይ ወድቋል!

ፋጡማን ጠርቼ ሳሳያት አመድ መሰለች። በአንደኛው ድንኳን ሼኹ፣ በሌላኛው የንስሐ አባቴ እጃቸውን ታጥበው እየጠበቁ ነው።

«የሠራሽውን አታውቂም? ቅመሺና ለዪ!» አለችኝ።

«ብሳሳትስ? አንቺ ቅመሺ!»

«ወላሂ አልነካም!»

ደሜ ፈላ። «እንግዲያው ማንም አይነካውም!» ብዬ ሁለቱንም ከደንኩ። የቀረን ሩዝ፣ ድንችና ሰላጣ ብቻ ነው፤ በሐፍረት አንገታችንን ደፍተን አቀረብን። ፋጡማ የሆነውን ለሼኹ ነገረቻቸው። እሳቸውም ትሪያቸውን አንስተው ወደ እኛ ድንኳን ገቡና፣ «አባ፣ ዛሬማ ሥጋ የለም፤ እስቲ ጠጋ ይበሉልኝ» አሉ። እንግዳው ሁሉ ተከትሏቸው ገባ።

ፋጡማ እንባዋን እየጠረገች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች፦ «ለታናሿ ሠርግ ክር እንዳታስሪ።»