የዘሥላሴ ጋቢ

— ሄሎ፣ አቤት፣ ኃይለ ገብርኤል ነኝ... ቴዎፍሎስ? ልጄ፣ ድምፅህን ከፍ አድርግ፤ ነፋሱ ይውጠዋል። የት ነህ?

— ከጎረቤላ በታች... ከመንገዱ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝተህ ማንን ትጠብቃለህ?

— ...ዘርአ ዳዊትን። ጠመንጃ ይዘህ።

— ስማኝ። ያ ሰው ወንድምህን ዘሥላሴን በመጥረቢያ ገድሎታል፤ አልካድኩም። ሬሳውን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ የራስ ቅሉ የተከፈለበትን ቦታ ጣቶቼ ያውቁታል። ሰውየው ግን ስምንት ዓመት ታስሮ ወጣ፣ ንስሐ ገባ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድንጋይ ተሸክሞ ተንበረከከልን። ይቅር ብዬ ጉንጩን ሳምኩት። አንተም ቆመህ አይተሃል።

— ምን አልክ?... ሳጥኔን ክፈት ያለህ ማን ነው?

— አልታየች፣ ልጅሽ ነው። ተቀመጪ።

— ለበስከው? የወንድምህን ጋቢ... ደሙ ያለበትን?

— እኔ ግደል ብዬ አላዘዝኩህም... «ታዲያ ለምን ሳያጥቡ አስቀመጡት?» ማለትህ ነው።

— ...እንግዲያው እውነቱን ስማ። ሰውየውን የሳምኩት ጥርሴን ነክሼ ነበር። እናትህ ቤተ ክርስቲያን በሄደች ቁጥር ያንን ጋቢ አውጥቼ የደረቀውን ደም በጣቴ እፈትገዋለሁ፤ ቂሜ እንዳይበርድብኝ። እግዚአብሔር ይቅር ሲል ማስታወሻ አያስቀምጥም። እኔ አስቀመጥኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጠመንጃውን አውርድ።

— መጣ?... ቴዎፍሎስ፣ የማዝዝህ አባትህ ነኝ። ጣትህን ከምላጩ ላይ አንሳ። ቴዎፍሎስ—

— ...

— ሄሎ... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ተኩስ ሰማሁ... ሄሎ...

— አትጩኺ አልታየች፤ ልስማበት።

— ማን ነህ አንተ?... ዘርአ ዳዊት።

— ልጄስ?... ከጉልበትህ ሥር። ጠመንጃውንም ነጥቀኸዋል... አንተስ የት ቆሰልክ? ክንድህን... ብዙ ይፈሳል?

— ተናገር፣ እሰማለሁ... ልክ ነህ። ደም ላንፈላለግ በመስቀል ፊት የማልኩት እኔ ነኝ... መሐላው መፍረሱም ልክ ነው። ጭንቅላቱ ላይ ደግነኸው ነው የምታናግረኝ... ገባኝ።

— ዘርአ ዳዊት፣ ሰባ ስምንት ዓመት ስኖር ማንንም ለምኜ አላውቅም። አሁን መሬት ላይ ተንበርክኬአለሁ፤ እናቱ ምስክር ናት። ያን ጊዜ ይቅር ያልኩህ በአፌ ነበር። ዛሬ ምንም ሳላስቀር ይቅር ብዬሃለሁ... አይደለም፣ ልጄን ብትተውልኝ ብዬ አይደለም። ብትተኩስም ይቅር ብዬሃለሁ። ጋቢውን ያስቀመጥኩበትን ግን አንተ ይቅር በለኝ።

— ምንድን ነው የሚቀደደው?... ጋቢው?

— ማን ነው የሚያስርልህ... ቴዎፍሎስ? ለቀቅከው? ከቁስሉ ከፍ አድርጎ ይሰረው። አንዱን ጫፍ በጥርሱ ይዞ ያጥብቀው። ካልበቃ ሁሉንም ቅደዱት።

— አልታየች፣ ልጅሽ አለ። ሁለቱም አሉ። ተነሺ፣ ነጠላሽን ልበሺ።

— ወደ ጤና ጣቢያው ሂዱ፤ እኛም እንመጣለን... ዘርአ ዳዊት፣ በረደህ?... የለበስኩትን ጋቢ አመጣልሃለሁ። በል ዝጋው፤ ልነሣ።