የሚነዝረው አምፕሊፋየር

አባቴ በጦርነቱ ጊዜ አምባሰል፣ አጎቴ ቤት፣ ጭድ ውስጥ ደብቆ ያተረፈውን ባለ አምፖል የጊታር አምፕሊፋየር ባለፈው ሳምንት በባጃጅ ጭኖት መጣ። ገና እንደገባ ሶኬት ላይ ሊሰካው ሲል እጁን ያዝኩት። ገመዱን አይጥ በልቶታል። ደግሞም እንዲህ ያለ አሮጌ ዕቃ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ኮረንቲ ሊያስቀር እንደሚችል አንብቤያለሁ።

ተያይዘን ሬዲዮ ሠሪው ጋሽ ሰይድ ጋ ሄድን። ከፍተው አዩትና «ወላሂ፣ ይሄ ዕቃ ሰው ይገድላል» አሉ። «ኮረንቲ የሚያጠራቅመው ካፓሲተሩ ይለወጥ፤ ገመዱም ኮረንቲውን ወደ መሬት የሚወስድ ኤርዝ ባለው ይተካ።»

አባቴ አልተዋጠለትም። «ውስጡን ከነካካኸው ድምፁ ይበላሻል። እኔን ሰርግ ላይ ስጫወት ስንቴ ነዝሮኛል፣ ምን ሆንኩ? ነዝሮኝ ስዘል ሰዉ እስክስታ መስሎት ያጨበጭብልኝ ነበር።»

ጋሽ ሰይድ ሳቁ። «አንተስ ለምደኸዋል። ከአንተ በኋላ ማን ሊጫወትበት ነው?»

«እሷ ናታ» አለ አባቴ ወደ እኔ እያየ። «በር ዘግታ በጊታሬ የአምባሰልን ቅኝት ስትለማመድ በየቀኑ እሰማታለሁ።»

ይህን ብሎ አይጥ የበላውን ገመድ አየ። ከዚያ እጁን ከአምፕሊፋየሩ ላይ አነሳና «በል ሰይዶ፣ ያልከውን ሁሉ ለውጥ። ድምፁም ከተለወጠ ይለወጥ» አለ።

እኔ አፍሬ መሬት መሬቱን አያለሁ። ጊታሩን እንደምነካ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ አባቴ መንገዱን እያየ «አምባሰል ላይ ግን ትቸኩያለሽ» አለኝ።