በቶፋዝል ግቢ ጉድጓድ ሲቆፍር ስለተገደለው ጁልሃስ

የምስክሩ ስም፦ እንታጅ አሊ ሞንዶል
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ
አድራሻ፦ ባንግላዴሽ፣ ሳትኪራ፣ ኩልባሪ መንደር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ በቤንጋሊ አቆጣጠር ቾይትሮ 10 ቀን 1411፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ሟች ጁልሃስ የታናሽ እህቴ ባል ነው፤ ስድስት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። ተጠርጣሪው ሮስቶም የመንደሬ ሰው ነው፤ ከዚህ በፊት ጠብ የለንም።

ትናንት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ በሮስቶም ታላቅ ወንድም በቶፋዝል ግቢ እንቆፍር ነበር። የሁለቱም ወንድማማቾች የቀድሞ ጉድጓድ ውሃው መርዝ አለበት ተብሎ እንዳይጠጣ ቀይ ተቀብቷል። ሮስቶም አዲሱ ጉድጓድ ድንበሩ ላይ ሆኖ ለሁለታችን ይሁን ብሎ ቢለምን ቶፋዝል እንቢ አለው። ይህን እያወቅሁ ሥራውን ጀመርኩ።

ጁልሃስና ሞክለስ የተባለው ሠራተኛ ከታች መሬት ላይ ቆመው መሬቱን የሚበሳውን ቧንቧ በቀርከሃ ማንሻ ያነሱታል፣ ይጥሉታል። እኔ ከላያቸው በቀርከሃ በተሠራው መወጣጫ ላይ ተቀምጬ ቧንቧው ሲነሳ አፉን በመዳፌ እደፍናለሁ፣ ሲወርድ እከፍታለሁ፤ ጭቃው በዚያ ይወጣል። ሥራው ከቆመ ግን አሸዋው ቧንቧውን ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ በሬም አይነቅለውም።

ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ መዳፌ ላይ ሻካራ አሸዋ መጣ። ንጹሕ ውሃ ቀርቦ ስለነበር ደስ አለኝ። ጁልሃስም፣ "ጋሼ፣ መዳፍህ ብቻውን ጠጥቶ እንዳይጨርሰው" እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

በዚህ ጊዜ ሮስቶም ገጀራ ይዞ በአጥሩ በኩል ገባ። "ልጆቼ መርዝ እየጠጡ እናንተ ንጹሑን ከእግሬ ሥር ልትቀዱ ነው?" አለ። ቶፋዝልን ተጣርቶ ሲያጣው መወጣጫውን በገጀራ መታው። ሞክለስ ማንሻውን ጥሎ ሮጠ። ጁልሃስም አንድ እጁን ለቆ ሽቅብ አየኝ። እኔ ያሰብኩት ቧንቧውን ነው። "አትልቀቅ" አልኩት። በየቀኑ መቶ ጊዜ የምለው የሥራ ቃል ነው። እሱም እንደ ልማዱ ታዞ በሁለት እጁ ያዘ። ሮስቶም አንገቱን ሁለት ጊዜ፣ ሲወድቅም ትከሻውን አንድ ጊዜ መታው። ዘልዬ ስወርድ ጁልሃስ አይናገርም ነበር። ሮስቶም ገጀራውን ጥሎ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። በቀርከሃ ጥርሱን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ሰዎች ባይዙኝ እገድለው ነበር።

መርማሪው "አትልቀቅ" ማለቴ ለክሱ ስለማያስፈልግ አይጻፍ ብለውኝ ነበር። እህቴ ግን ከትናንት ጀምሮ ባሌ እንደ ሞክለስ ለምን አልሮጠም እያለች ትጠይቀኛለች፤ ልነግራት አፌ እንቢ አለኝ። ስለዚህ ካልተጻፈ አልፈርምም አልኩ። ተጽፎ ተነቦልኛል፤ ሁሉም እውነት ነው፤ እህቴም ፍርድ ቤት ቀርባ ትስማው።

የምስክሩ የአውራ ጣት አሻራ፦ ________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ________