የጋሼ ዋቅጅራ ዕቁብና የዶርቃ ብድር

የሰው ጉዳይ አያገባኝም ብዬ ዝም ማለት አልችልበትም። ይህ አመሌ ከብዙ ሰው ጋር አጣልቶኛል፤ በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ግን እንኳንም አልተውኩት። ጀሞ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ ጋሼ ዋቅጅራ ከልጃቸው ከዶርቃ ጋር መጥተው ከኋላዬ ተሰለፉ። ጋሼ በእኛ ብሎክ የሚኖሩ ጡረተኛ፣ የሰፈራችን የዕቁብ ዳኛ ናቸው። እኔ ደግሞ አስረስ እባላለሁ፤ ሃያ ዓመት በባንክ ብድር ክፍል ሠርቻለሁ።

«እንኳን ደስ ያለዎት በለኝ እንጂ! ዶርቃ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ሥራ አግኝታለች፤ ሐሙስ ትበራለች» አሉኝ።

«እሰይ!» ብዬ ዞር ስል የልጅቷ ፊት አመድ መስሏል። «ምነው ዶርቃ? አልተደሰትሽም እንዴ?»

አባቷን ሰረቅ አድርጋ አየቻቸው። «ጋሽ አስረስ፣ በፊት እዚያ ስሠራ ከባንክ የተበደርኩት ገንዘብ አለ። ኩባንያው ሲዘጋ ሳልጨርስ ነው የመጣሁት። አራት ዓመት ሆነው። ኤርፖርት ላይ ቢይዙኝስ?»

«አንቺ ደግሞ! ይሄ በሰው መሀል ይወራል?» ብለው ተቆጧት። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ፓስፖርቷ አዲስ ነው፤ ቁጥሩም ሌላ ነው። የጸሎት ኅብረታችን ሦስት ቀን ጾሞ ጸልዮበታል። ማንም አያያትም።»

ደሜ ፈላ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ባለ ዕዳዋ እንዳትታይ ብሎ መጸለይ ምን ዓይነት ጸሎት ነው?»

«አፍህን ጠብቅ አስረስ!»

«ፓስፖርቱ ቢቀየር ስሟና አሻራዋ አልተቀየረ። ባንኩ ከሶ ከሆነ ሊይዟት ይችላሉ። ከሶ ላይሆንም ይችላል፤ ግን አልጠየቃችሁም።»

«ዝም ብለው የተቀመጡትን ሰዎች እኛው ደውለን እናስታውሳቸው?»

ታክሲ መጣ፤ ሰው እየገፋን ገባ፤ እኛ ቀረን።

«ባንክ መች ይረሳል ጋሼ! ተቸግሬያለሁ፣ በየወሩ ልክፈል ያለንን ደንበኛ እንደ አቅሙ እናስተናግደው ነበር። የጠፋብንን ግን ወለዱን እየጨመርን ፋይሉን ለሕግ ክፍል ነበር የምንልከው።»

«እሷ እኮ አልጨፈረችበትም! ለቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ነው የላከችው። እኔ ለምተኛበት ቤት!»

አሳዘኑኝ። ግን ሐሙስ ሁለት ቀን ነው የቀረው፤ ለሐዘኔታ ጊዜ አልነበረም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለታን ለምን ይጠሉታል?»

ለታ አምና የመጀመሪያው ዕጣ ወጥቶለት ብሩን እንደያዘ የጠፋ አናጺ ነው። ስልኩን ቀይሮ ሀና ማርያም ቤት ተከራየ። ዋሱ ጋሼ ስለነበሩ ዕዳውን ከጡረታቸው ከፈሉ።

«የዚያን ሌባ ስም አታንሳብኝ!»

«ሚስቱ ታማ ነበር እኮ።»

«ታዲያ መጥቶ አይነግረኝም? ጋሼ አቃተኝ ቢለኝ ጥቂት በጥቂት አልቀበለውም ነበር? እኔን ያንገበገበኝ ብሩ አይደለም፤ ስልኩን መቀየሩ ነው!»

ጋሼ ዶርቃ የያዘችውን አዲስ ፓስፖርት አዩት። ከሰልፉ ወጥተው አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ቆባቸውንም አወለቁ።

«አስረስ» አሉ፣ «አሁን ምን ይሻላል?»

የዚያኑ ቀን ከእኔ ቤት ሆነን ለባንኩ ኢሜይል ላክን። ረቡዕ ከሰዓት መልሱ መጣ። ዶርቃ ጮክ ብላ አነበበችው፤ ክስ ነበረባት። ጋሼ «በገዛ እጄ ልሰዳት ነበር!» ብለው ራሳቸውን ያዙ።

ለቀጣሪዋ እውነቱን ስትነግረው ሁለት ቀን መልስ አልሰጠንም። ዶርቃ እህል አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን ጉዳይዋን እንድትጨርስ ሦስት ሳምንት ሰጣት። ባንኩም የተወሰነውን አሁን፣ የቀረውን በየወሩ ከደሞዟ እንድትከፍል ተስማማ። የመጀመሪያውን ክፍያ ጋሼ በራሳቸው የዕቁብ ዕጣ ከፈሉ። ክሱ መነሣቱ በጽሑፍ እስኪደርሰን ግን አዲስ ቲኬት አላስቆረጥንም።

ጥቅሙን እንግዲህ እዩት። ክሱ ተነሣ፣ የሚቆለለው ወለድ ቆመ፣ ልጅቷም ተደብቃ ሳይሆን በስሟ ልትሠራ ሄደች። ለመጀመር አንድ ኢሜይል ብቻ ነው የጠየቀን፤ አባትና ልጅ አራት ዓመት ሙሉ የፈሩት እሱን ነበር።

በሄደች ዕለት ጋሼ ቤት ቁጭ ብለን ሳለ ስልኩ ጮኸ። «አባዬ፣ ኤርፖርት ላይ ማኅተም መቱልኝ! ገባሁ!» አለች። ጋሼ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ዓይናቸውን ጠርገው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«የለታን አዲሱን ቁጥር ታውቀዋለህ አይደል?»

«አውቀዋለሁ፤ ሀና ማርያም አግኝቼው ሰጥቶኛል።»

ደውዬ ሰጠኋቸው።

«ለታ፣ እኔ ነኝ፣ ዋቅጅራ። አትዝጋው፣ ልሰድብህ አይደለም። ሚስትህ ተሻላት?»